በምርቃት የመጣችው

ይህ የሆነ ነገር ነው። እኔው ላይ የሆነ።

የጀመረውም በጨለማ አይደለም። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ ሰው በሚርመሰመስበት፣ ሰው አገር ባለ የባሕር ዳርቻ ገበያ ውስጥ ነው።

ያላመነኝን ሰው አልቀየምም። ሁለቱንም ወሬ ጎን ለጎን አስቀምጥላችኋለሁ፤ እናንተው ፍረዱ።

አክስቴ ስመኝ እንዲህ ትላለች... "በፈረንጆቹ 2013፣ የካቲት ውስጥ፣ እኔ፣ ልጄ ናዝራዊትና የወንድሜ ልጅ ለእረፍት ሄድን። ሦስት ሆነን ሄድን፤ ሦስት ሆነን ተመለስን።"

እኔ ደግሞ እንዲህ እላለሁ... ሁለት ሆነን ሄድን። ሦስት ሆነን ተመለስን።

የእሷ ወሬ ማስረጃ አለው። ፓስፖርት አለ፣ ፎቶ አለ፣ የክርስትና እናት እንኳን አለች። የኔ ወሬ ከእኔ በቀር ምስክር የለውም።

ስሜ ኃይለልዑል ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ባዮሎጂ ተምሬ አሌክሳንድሪያ አንድ ላብራቶሪ ውስጥ እሠራ ነበር። ከእናንተ መካከል አብሮኝ የተማረ፣ አብሮኝ የሠራ፣ ወይም አንድ ቀን መንገድ ላይ ሰላም ያለኝ ሰው ካለ... እባካችሁ "አስታውስሃለሁ" ብላችሁ ጻፉልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ልጀምር።

አባቴ ሲሞት አስራ ሦስት ዓመቴ ነበር። እናቴ ቀድማው ሄዳለች። አክስቴ ስመኝ፣ የአባቴ እህት፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አምጥታ አሳደገችኝ።

ልጅ አልነበራትም። ከባሏ ጋር አስራ ስድስት ዓመት ጠበቁ። ጸበሉንም ዶክተሩንም ሞከሩ፣ አልሆነም። ባሏ ከሞተ በኋላ እኔና እሷ ብቻ ቀረን። አንድ ጊዜ፣ ልብስ እያጣጠፈች፣ "ሴት ልጅ ወልጄ ቢሆን ናዝራዊት ነበር የምላት" ብላኝ ታውቃለች። ከዚያ በኋላ አንስታውም አታውቅም።

በዚህ ምድር ላይ የኔ የምለው ሰው እሷ ብቻ ነበረች። ይህን ያዙልኝ።

ሥራዋ ርካሽ ማደን ነው። ሻርፕ፣ ቀሚስ፣ ቦርሳ በቅናሽ ትገዛና ሎረልና ውድብሪጅ ላሉ ደንበኞቿ ከመኪናዋ የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥታ ትሸጣለች። ክሊራንስ የሚል ቀይ የማጣሪያ ሽያጭ ወረቀት ከአውራ ጎዳና ማዶ ይታያታል። በዚያ የብርድ ወቅት ደግሞ አውሮፕላኑንም ሆቴሉንም ለአራት ቀን አንድ ላይ የሚሸጥ ማስታወቂያ አገኘችና ኮል አደረገችኝ።

"ልዑሌ፣ ፈቃድ ውሰድ። ባሕር ልንሄድ ነው።"

"እረፍት ነው ሥራ?"

"ምን ልዩነት አለው?"

የከተማዋን ስም አልጽፍም። ከተማዋ ምንም አላጠፋችም። ሞቃት ናት፣ ዘንባባ አለ፣ አሸዋው እንደ ዱቄት ነጭ ነው። አክስቴ ግን እግሯን እንኳ ውኃ ውስጥ አልነከረችም።

"ባሕሩ የትም አይሄድም" አለችኝ። "የሚሄደው ዋጋው ነው።"

ሦስት ቀን ሙሉ ከገበያ ገበያ አዞረችኝ። እያዞረችም አስተማረችኝ።

"ደስ ያለህ አትምሰል። ጥርስህን ካዩ ዋጋ ይጨምራሉ።"

"ዕቃውን ስታነሳ የሞተ አይጥ ያነሳህ ምሰል።"

"ትተን ስንሄድ ቀስ በል እንጂ! እየሮጥክ ሻጯ በምን ጉሮሮዋ ትጥራን?"

እንደ ሁላችንም፣ ሻጩ ፊት ቆመን በአማርኛ እንመካከር ነበር። እዚያ ማን ይሰማናል?

"ሠላሳ አለችኝ፣ ቀማኛ!"

"አክስቴ፣ ቀስ... ትሰማሻለች።"

"በየትኛው ጆሮዋ? ይልቅ አንተ ሰዓት ሰዓትህን እይ፣ የቸኮልን እንምሰል።"

የመጨረሻው ሕጓ ምርቃት ነበር። ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ፣ ከላዩ በነፃ ጣል የምትደረግ ነገር ካልተጨመረ እጇን ከዕቃው ላይ አታነሳም። አንድ የፀጉር ማስያዣ ይሁን፣ አንድ ዛጎል... ብቻ ምርቃት።

ሦስተኛው ቀን ነው። ቆርቆሮ ጣራ ያለው ረጅም ገበያ። ባርኔጣ፣ የዛጎል ሐብል፣ ከእንጨት የተቀረጸ በቀቀን። ሙዚቃው ጆሮ ይበሳል። ከግራ ከቀኝ "ማማ! ማማ! ጉድ ፕራይስ!" ይሏታል።

እስከ መጨረሻው ሄድን።

የመጨረሻው ሱቅ ጋ ስንደርስ... የሚጠራን ጠፋ።

ዞር ብዬ አየሁ። አጠገቡ ያሉት ሻጮች ሁሉ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረዋል። አንዷ የዓይኗን ጥግ እንኳ ወደኛ ላለመስጠት ባዶ ጠረጴዛ ትወለውል ነበር።

ሱቁ ውስጥ ቅርጫት ብቻ ነው ያለው። ከዘንባባ ቅጠል የተሠራ፣ ክዳንና ማንገቻ ያለው።

አንዲት አሮጊት ተቀምጣለች።

ካፖርት ለብሳለች። ወፍራም፣ የበረዶ አገር የወንድ ካፖርት... በዚያ ሙቀት። ግንባሯ ላይ አንዲት የላብ ጠብታ የለችም።

ከጀርባዋ አግዳሚ ላይ አንድ ፈረንጅ ተቀምጦ ቅርጫት ይሠራል። ሃምሳ ዓመት ይሆነዋል። የእጁ አንጓ ላይ ሆቴሎች ለእንግዳ የሚያስሩት የላስቲክ አምባር አለ። ቀለሙ ለቅቆ ነጭ ሆኗል፤ ሥጋው ውስጥ ሰምጧል። ጣቶቹ በጣም ይፈጥናሉ። ቀና አይልም።

አክስቴ እሱን አላየችውም። ቅርጫቱን ነበር የምታየው። አንዱን አንስታ ፊቷን አኮሳተረች።

"ሃው ማች?"

"ፎርቲ።"

"ፊፍቲን።"

"ኦኬ። ፊፍቲን።"

አክስቴ ቀጥ ብላ ቀረች። ሰማንያ ዓመት ብትኖር እንዲህ ዓይነት ነገር የሚገጥማት አልመሰላትም።

"ልዑሌ..." አለች በሹክሹክታ። "ሳትከራከር ሰጠችኝ።"

"ጥሩ አይደል?"

"ምኑ ነው ጥሩ! አሥር ማለት ነበረብኛ!"

"በቃ ክፈያትና እንሂድ። ደስ አላለኝም።"

"ቆይ እንጂ። ምርቃቴንስ?"

ብሩን ዘርግታ ወደ አሮጊቷ ዞረች። "ኤክስትራ። ጊቭ ሚ ኤክስትራ።"

አሮጊቷ ብሩን አልተቀበለችም። አክስቴን አየቻት። ረጅም ጊዜ።

"ዋት ዩ ዋንት?"

አክስቴ ግራ ቀኝ ቃኘች። ትንሽ ነገር የለም፤ ሁሉም ቅርጫት ነው። ሳቋ መጣ። ወደ እኔ ዞራ፣ በአማርኛ፣ እንደ ልማዳችን...

"እንግዲህ ሌላ ከሌላት ሴት ልጅ ትመርቅልኝ። በለውጡ ይሄን ገትጋታ ትውሰደው።"

በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

እኔም ሳቅኩ። አልደብቃችሁም፣ ሳቅኩ።

ፈረንጁ እጁን አቆመ።

ቀና ብሎ አየኝ። እኔን ብቻ። ከዚያ በአግዳሚው ላይ ቀስ ብሎ ወደ ጥግ ተንሸራተተ... አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ለቀቀ።

አሮጊቷ ብሩን ተቀበለች።

"ይሁን" አለች።

በአማርኛ። ጥርት ባለ አማርኛ፣ ሰፈራችን እንዳሉ እናቶች።

ከዚያ ገበያ እንዴት እንደወጣን አላውቅም። መንገድ ላይ ስንደርስ "ሰማሽ?" አልኳት።

"ምኑን?"

"'ይሁን' አለች እኮ።"

"በነሱ ቋንቋ ሌላ ነገር ይሆናል። ዝም በል።"

ቅርጫቱን በሁለት እጇ አቅፋው ነበር። ክንዷን ስነካው ቀዝቃዛ ነው።

ሆቴሉ ምሳ ላይ አስተናጋጁ ሦስት ሳህን አስቀመጠ። ሁለት ነን አልኩት። ፈገግ አለና ሦስተኛውን ብርጭቆ ሞላው። አክስቴ ዓይኗን ከሳህኗ ላይ አላነሳችም።

በማግስቱ ጠዋት መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ሦስት እርጥብ ፎጣ ተሰቅሏል።

ኤርፖርት ስንደርስ... ቅርጫቱን የያዘችው ሌላ ሰው ነበረች።

ሃያ ዓመት የሚሆናት ልጅ ናት። የአክስቴ ግንባር። የአክስቴ ፍንጭት ጥርስ።

"አክስቴ... ማን ናት?"

"ቀልድህን ተው፣ ልዑሌ። እህትህ መስኮቱ ጋ ትቀመጥ።"

ልጅቷ ጎንበስ ብላ ጆሮዬ ላይ ሹክ አለችኝ።

"ጥርስህን ካዩ ዋጋ ይጨምራሉ።"

በአውሮፕላኑ ውስጥ ሦስት ሰዓት ተኩል ሙሉ ሳልንቀሳቀስ ተቀመጥኩ።

ላብራቶሪ ውስጥ ሁለት ውጤት ሲጋጭ አንዱን አትጥልም። ሁለቱንም መዝግበህ እንደገና ትለካለህ። እኔም እንደገና ለካሁ።

ፓስፖርቷን አየሁ። ናዝራዊት ይላል። የትውልድ ቦታ ሜሪላንድ። ማኅተሙ ትክክል ነው፣ ጠርዙ በአገልግሎት ተልጧል።

ጋሽ ወልደአምላክ ዘንድ ሄድኩ። ከአክስቴ ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገሉ ሽማግሌ ናቸው። የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ መዝሙር መጽሐፌን የገዙልኝ እሳቸው ናቸው።

"ጋሼ፣ ናዝራዊት የምትባል የአክስቴን ልጅ ያውቋታል?"

"የስመኝን ልጅ? ክርስትናዋ ላይ ዳቦውን የቆረስኩት እኔ አይደለሁ እንዴ!" ብለው ሳቁ። ከዚያ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝ። "ይቅርታ ልጄ... አንተስ የማን ነህ?"

ቀልድ መስሎኝ ጠበቅኩ። እሳቸውም መልሴን ይጠብቁ ነበር።

የምረቃዬ ፎቶ አክስቴ ሳሎን ተሰቅሏል። አክስቴ በቀኝ፣ እኔ በጋዋን በግራ። ከጉዞው በተመለስን በሳምንቱ ጋዋኑን የለበሰችው ናዝራዊት ሆናለች። እኔ ጥግ ላይ ቆሜያለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ትከሻዬ ብቻ ይታያል።

በሦስተኛው ሳምንት ትከሻዬም የለም።

አንድ ሰኞ ጠዋት የመታወቂያ ባጄ የሥራ ቦታዬን በር አልከፍት አለኝ። በየቀኑ የማወራው የጥበቃ ሠራተኛ መጥቶ በትህትና "ቪዚተር ነህ? ማንን ፈልገህ ነው?" አለኝ። የክፍሌን ኃላፊ ስም ነገርኩት። ደወለላት። በስልኩ ውስጥ "በዚህ ስም የሚሠራ ሰው የለንም" ስትል ሰማኋት።

ልጅቷን ልበድላት አልፈልግም። ክፉ ነገር አላደረገችብኝም። ሳህን ታጥባለች፣ ማታ ማታ የአክስቴን እግር ታሻለች። ግን በበረዶ በነጠላ ጫማ ትወጣለች። የምትረግጠው ምንጣፍ ላይ አሸዋ ይቀራል። እንደ ዱቄት ነጭ የሆነ አሸዋ... በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በመጋቢት።

ደግሞ የራሷ ንግግር የላትም። ሁለት ሳምንት ጆሮዬን ሰጥቼ አዳመጥኳት። አክስቴ ቀድማ ያልተናገረችው አንድም ዓረፍተ ነገር ከአፏ አልወጣም። "ቀስ በል እንጂ።" "ምን ልዩነት አለው?" "በየትኛው ጆሮዋ?" እያለች ከክፍል ክፍል ትዞራለች።

አክስቴ ግን ትስቅ ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሰምቼው የማላውቀውን ሳቅ። እሱንም መመዝገብ አለብኝ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ የገበያ ማዕከል ፓርኪንግ ውስጥ፣ መኪና ውስጥ ተቀምጠናል። ናዝራዊት አክስቴ የገዛችውን ሱሪ መልሳ ሪተርን ለማድረግ ገብታለች። እኔና አክስቴ ብቻ ነን። ማሞቂያው ይነፋል።

"አክስቴ።"

"አቤት።"

"ስንት ሆነን ነው የሄድነው?"

የሱቁን በር አየች።

"ሁለት" አለች በሹክሹክታ።

ወደ እሷ ዞርኩ።

"ታውቂያለሽ?"

"ከመጀመሪያው ቀን። ያቺ ሴትዮ 'ይሁን' ስትልም ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን...?"

"አስራ ስድስት ዓመት ጠበቅኩ፣ ልዑሌ።"

"እኔስ?"

መሪውን በሁለት እጇ ጨበጠችው።

"ስምህ አፌ ላይ እየከበደኝ ነው" አለች። "እንዳልረሳህ ብዬ ትናንት ወረቀት ላይ ጻፍኩህ። ዛሬ ጠዋት ሳየው ወረቀቱ ባዶ ነው። ሰንበር እንኳ የለውም።"

አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

"አንቺው አይደለሽ ያስተማርሽኝ?" አልኳት። "ዕቃ ሲመለስ ምርቃቱም አብሮ ይመለሳል። ቅርጫቱን ወስደን እንስጣት። የሷን ትውሰድ፣ የኛን ትልቀቅ።"

"ደረሰኝ የለን..."

"አክስቴ!"

በእንባዋ መሐል ሳቅ አመለጣት። ወዲያው ጠፋ።

"እሺ" አለች። "እሺ። ትኬቱን እኔ እቆርጣለሁ። ለሦስታችንም።"

ያኔ ነው መስኮቱን ያየሁት።

ናዝራዊት ውጭ ቆማለች። መቼ እንደመጣች አላውቅም። ፊቷን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ታየናለች። ያን ያህል ብርድ ነው... መስታወቱ ላይ ግን ትንፋሿ አልታየም።

ሐሙስ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት። አሌክሳንድሪያ ሳይደረስ ወንዙ ዳር ያለው ኤርፖርት። ውጭ ዝናብና በረዶ ተቀላቅሎ ይወርዳል።

አክስቴ ቅርጫቱን ይዛለች። ሌሊቱን እንዳልተኛች ዓይኗ ይናገራል። መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረችም። ናዝራዊትም ስለዚህ ዝም ብላለች።

ትኬት የምታየው ልጅ የኛው አገር ሰው ናት። ደረቷ ላይ ፅጌ የሚል ስም ተለጥፏል።

"እንዴት አደሩ እናቴ! ወዴት ነው?"

አክስቴ የከተማዋን ስም ነገረቻት።

"አይ ሙቀት! እኛን ለዚህ ብርድ ጥለውን ሊሄዱ?" ፅጌ ሳቀች። ናዝራዊትን አየቻት። "ልጅዎ ናት አይደል? ቁርጥ እርስዎን!"

ከዚያ ዓይኗ ወደ እኔ መጣ። አለፈኝ። ተመለሰ። ቦርሳ ውስጥ የጠፋ ቁልፍ እንደሚፈልግ ሰው ፊቴ ላይ ትንሽ ቆየ።

"ተጓዦቹ ማን ማን ናችሁ?"

አክስቴ ሦስቱንም ፓስፖርት በእጇ ይዛለች።

ናዝራዊት የአክስቴን እጅጌ በሁለት ጣቷ ይዛለች። ገና መራመድ እንደጀመረ ሕፃን።

"አክስቴ..." አልኩ። "እኔ ነኝ።"

ዞር ብላ አየችኝ።

በዚያች ቅጽበት አውቃኛለች። ይህን እምላለሁ። ከንፈሯ ስሜን ሊጠራ ጀመረ፤ የመጀመሪያዋን ፊደል አየኋት። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

አክስቴ ቅርጫቱን አንስታ ትከሻዬ ላይ አንጠለጠለችው። ማንገቻውን አስተካከለችልኝ። ከሦስቱ ፓስፖርት አንዱን መርጣ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። የኔን ነው።

ከዚያ ቀና ብላ፣ ገበያ መሐል የመጨረሻ ዋጋዋን እንደምትቆርጥ ሴት፣ ወደ እኔ እየጠቆመች፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ ተናገረች።

"የሚሄዱት እሳቸው ናቸው። እኔና ልጄ ለመሸኘት ነው የመጣነው።"